ውሻን ስለ ማስወለድ

ውሻ ከሰው ጋራ መኖር ከጀመረ እጅግ ብዙ ሺህ ዓመት ሆኖታል። በአገራችንም ቤት ይጠብቃል፤ ከእረኛ ጋራ ውሎ ከእረኛ ጋራ ይገባል፤ ሌሊትም ጅብ ወደ በረት ሲቀርብ ጮኾ ባለቤቱን ያነቃል። ስለዚህ አገልግሎቱ ሰው ምግብና ማደሪያ ይሰጠዋል። ይህ በሰውና በውሻ መካከል ያለ አሮጌ ውል ነው። ውሻይቱ በወለደች ጊዜ ግን ውሉ ለልጆቿም ይሆናል፤ ይህንንም ብዙ ሰው ይረሳዋል።

በሐዋሳ ከተማ ማለዳ ወደ አሞራ ገደል የወረደ ልጅ፥ ዓሣ አጥማጆች ከሐይቁ ያወጡትን ቆሮሶና አምባዛ ሲበልቱ፥ አባ ኮዳ የሚባለውም ትልቅ ወፍ አንገቱን ወደ ትከሻው ሰብስቦ የዓሣውን ሆድ ዕቃ ሲጠብቅ ያያል። ከወፎቹ ኋላ ደግሞ ውሾች አሉ። እንዲሁም በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ፥ በገበያ ዳርና ቈሻሻ በሚጣልበት ስፍራ ጐድናቸው የሚቈጠር ውሾች ይዞራሉ። እነዚህ ከዱር የመጡ አይደሉም። እያንዳንዱ፥ ወይም እናቱ፥ ወይም የእናቱ እናት፥ አንድ ቀን በአንድ ሰው ግቢ ተወልዶ ነበር።

እንግዲህ ከነዚያ ግቢዎች አንዱ ይታሰብ። በአቶቴ ሰፈር የሚኖር አንድ ቤተሰብ አንዲት ሴት ውሻ አለችው። ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት፥ ከወዴት እንደ መጡ የማይታወቁ ወንዶች ውሾች በአጥሩ ዙሪያ ተሰብስበው ያድሩ ጀመር። ልጆቹም ነገሩን ሰምተው «እማዬ፥ ትውለድ! ቡችሎች ይኑሩን!» አሉ። አባት «እንግዲህ ትውለድ፤ ሁሉም በጊዜው ይደርሳል» አለ። እናት ግን «የሚወለዱትን ማን ይወስዳቸዋል?» ብላ ጠየቀች። ከሦስቱ ቃል ማስተዋል ያለበት የእናቲቱ ጥያቄ ነው። መልሱንም ለማግኘት አስቀድሞ የውሻን አወላለድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሴት ውሻ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ወር ዕድሜዋ ወንድ መፈለግ ትጀምራለች። ከዚያም በኋላ በዓመት 2 ጊዜ ያህል ይመላለስባታል፤ በየጊዜውም ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይቈያል። በዚህ ወራት አጥር አይበቃትም፤ እርስዋ ትወጣለች፥ ወይም ወንዶቹ ይገባሉ። ከብዙ ወንዶች ጋራ ብትገናኝ በአንድ ሆድ አባታቸው የተለያየ ቡችሎች ልትወልድ ትችላለች፤ ይህ ለሰው የሚያስገርም ነው፥ ለውሻ ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ነገር ግን መውለድ የቻለች ሁሉ ለመውለድ ደርሳለች ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ወራትዋ የምታረግዝ ውሻ ገና ራስዋ ያላደገች ናት፤ የምትበላውን ለራስዋ አጥንትና ለጽንሷ መክፈል ይሆንባታል። ስለዚህ አዋቂዎች ሰውነትዋ ጠንክሮ 2 ዓመት እስኪሆናት ድረስ መጠበቅ ይሻላል ይላሉ።

እርግዝናዋ 63 ቀን ያህል ነው፤ ይኸውም 9 ሳምንት ነው። ቡችሎች ሲወለዱ ዓይናቸው የተከደነ፥ ጆሮአቸውም የተደፈነ ነው፤ ዓይናቸው የሚገለጠው 2 ሳምንት ያህል ሲሆናቸው ነው። እናቲቱ ስታጠባ ከወትሮው እጥፍ፥ ከዚያም የሚበልጥ ምግብ ትሻለች፤ የእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ አይበቃትም። ቡችሎቹም 8 ሳምንት እስኪሆናቸው ከእናታቸው ሊለዩ አይገባም። ወተቱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ከወንድሞቻቸውና ከእኅቶቻቸው ጋራ ሲጫወቱ አንዱ አንዱን አጥብቆ ቢነክሰው የተነከሰው ይጮኻል፥ ጨዋታውም ይቈማል፤ እንዲህ እያሉ ጥርሳቸውን ማላላት ይማራሉ። ይህን ትምህርት ሳይጨርስ በ4 ሳምንቱ የተወሰደ ቡችላ፥ ሲያድግ ተናካሽ ወይም ፈሪ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ጥያቄው መመለስ ይቻላል። አንዲት ውሻ በአንድ ጊዜ 5 ብትወልድ፥ በዓመትም 2 ጊዜ ብትወልድ፥ 10 ቡችሎች ይሆናሉ። ጎረቤት ሁሉ ሲጠየቅ «ወንድ ከሆነ እወስዳለሁ» ይላል፤ ወንድ ውሻ ቤት ይጠብቃል፥ ቡችላም አያመጣም ይባላልና። ስለዚህ ወንዶቹ ይሄዳሉ፥ ሴቶቹ ይቀራሉ። ሴቶቹንም በጆንያ ከትቶ ገበያ ዳር ወይም ወንዝ አጠገብ ጥሎ የሚመለስ ሰው አለ። ይህ ሰው ሁልጊዜ ጨካኝ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ሳያስብ ቀርቶ በኋላ የጨነቀው ሰው ነው። ነገር ግን የጣላቸው ሴቶች ናቸውና፥ ከሞት የተረፉት ከዓመት በኋላ በጐዳና ላይ ይወልዳሉ። እርሱ አንድ ጭንቅ ከግቢው አወጣሁ ሲል ለከተማው ብዙ ጭንቅ አኖረ። በአገራችን ከተሞች ባለቤት የሌላቸው ውሾች እጅግ በበዙ ጊዜ በመርዝ ሲገደሉ ታይቷል፤ ይህም ለውሻው ክፉ ሞት ነው፥ ለሚያየውም ልጅ ክፉ ትዝታ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ይህም ሞት ከሞላ ጐደል ሁሉ ከውሻ ንክሻ የሚመጣ ነው። በተጠረጠረ እንስሳ ከተነከሱት ከመቶው 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው፤ ልጆች ከውሻ ጋራ ይጫወታሉና፥ ሲነከሱም ቍጣን ፈርተው ይደብቃሉና። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ ግን ሊከለከል ይችላል። ሉዊ ፓስተር የሚባለው የፈረንሳይ ሊቅ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1885 ዓመት፥ እብድ ውሻ የነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የሚባለውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት አዳነው። ስለዚህ የተነከሰ ልጅ ያን ጊዜውኑ ለታላቆቹ ይናገር፤ ቍስሉም በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ከዚያም ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ወደ ሥር ማሽ ሄዶ ቀን ማሳለፍ ሕይወትን ያስከፍላል።

ይህ በሽታ ከማስወለድ ጋራ ምን አገናኘው የሚል ቢኖር፥ መልሱ በቍጥር ይገኛል። በአንድ ስፍራ ከሚኖሩት ውሾች ከመቶው 70 ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበትን መንገድ ያጣል። በአንድ ሰፈር 100 ውሾች ቢኖሩና 70ው ቢከተቡ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት 40 ቡችሎች ቢጨመሩ ውሾቹ 140 ይሆናሉ፤ የተከተቡት ግን ያው 70 ናቸው፤ ይህም እኵሌታ ብቻ ነው። የከተባቸው ሐኪም ሥራውን አልበደለም፤ ድካሙን ያፈረሱት ሳይታሰብላቸው የተወለዱት ናቸው።

ጕዳቱም በሰው አያበቃም። ከሐዋሳ ተነሥቶ በሻሸመኔና በዶዶላ በኩል የሄደ መንገደኛ ወደ ባሌ ተራሮች ይደርሳል። በዚያ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ በአገሪቱ ሁሉ የቀሩትም ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል። በ1984፥ በ1996 እና በ2001 ዓ.ም. ከመንደር ውሾች የተነሣ የእብደት በሽታ በእነዚህ ቀበሮዎች ገብቶ ብዙዎቹን ፈጃቸው። ቀበሮዎቹ አይጥ ከማደን በቀር ለማንም ክፉ አላደረጉም ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «ሴት ውሻ አንድ ጊዜ እንኳ ካልወለደች ትታመማለች» ይላሉ። ይህ እውነት አይደለም። እንዲያውም በሐኪም እጅ ማኅፀንዋ የወጣላት ውሻ ከማኅፀን መመረዝ ትድናለች። ይህ ሕክምና ለከተማ ሰው እንግዳ ቢመስልም ገበሬ ነገሩን ያውቀዋል፤ በሬውን ይቀጠቅጥ፥ ፍየሉንም ሙክት ያደርግ የለምን? በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ይሰጣል፤ በከተማውም የእንስሳት ሐኪሞች ስላሉ ምክር መጠየቅ አያስቸግርም።

ሌሎች ደግሞ የውጭ አገር ዘር ያለውን ውሻ ለገንዘብ ያስወልዳሉ። መሸጡ ነውር አይደለም። ነገር ግን ዘሩ እንዳይደባለቅ ብሎ እኅትን ከወንድም ጋራ የሚያገናኝ ሰው የተሰወረውን ደዌ ያባዛል። ጀርመን ሸፐርድ የሚባለው ትልቅ ውሻ የዳሌ አጥንት ሕመም ከወላጆቹ ሊወርሰው ይችላል፤ የገዛውም ሰው ሕመሙን የሚያየው ውሻው ካደገና ልጆቹ ከወደዱት በኋላ ነው። ስለዚህ ሐኪም ሁለቱንም ወላጆች ሳይመረምር ማስወለድ የገዢውንም የውሻውንም ነገር መናቅ ነው።

በአቶቴ ያለው ቤተሰብ ግን ገና አልቈረጠም ነበር። ታላቂቱ ልጅ ደብተርዋን ይዛ በሰፈሩ ዞረች፤ ቡችላ የሚወስዱትን ሰዎች ስም ልትጽፍ። «በልጅቱ ቃል ሁሉም እሺ ይላል» ብሎ አባት ሳቀ። ስትመለስ 9 ሰዎች እሺ ብለዋት ነበር። እናትም አጠገብዋ ተቀምጣ «ሴት ብትሆንስ ይወስዳሉ?» አለቻት። 6 ስሞች ተሰረዙ። «ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ያስከትቡታል? በየዓመቱስ?» ስትል ሌላ አንድ ስም ተሰረዘ። የቀሩት ሁለት ነበሩ፤ አንደኛዋ አያታቸው ናቸው፥ በጓሯቸው ጅብ የሚያልፍባቸው።

ልጅቱ ሁለቱን ስሞች ብዙ ጊዜ ተመለከተች። «አባባ፥ ከሁለት በላይ ብትወልድስ?» አለች። አባት ወዲያው አልመለሰላትም። በማግስቱ ወደ ሐኪም ሄዶ ጠየቀ፤ ሐኪሙም ወራትዋ አልፎ 2 ወይም 3 ወር ሲቈይ እንዲያመጣት ነገረው፤ እስከዚያም እንዳትወጣ እንዲጠብቃት አዘዘው። በዚያ ምሽት አባት መዶሻና ቆርቆሮ ይዞ፥ ልጆቹ ፋኖስ ይዘውለት፥ የአጥሩን ቀዳዳ ሁሉ እየዞረ ደፈነ።