የከተማው መዝገብ የማን ነው? በትናንሽ ከተሞች የመረጃ ቴክኖሎጂን ስለሚያማክሩ የበጎ ፈቃድ ኮሚቴዎች



የዛሬው ንግግሬ ስለ ትልልቅ ከተሞች አይደለም። በሐሳቤ ያሉት እንደ ፎንቆ፣ እንደ ሾኔ፣ እንደ አንጋጫ ያሉ የሀዲያና የከምባታ ከተሞች ናቸው። በእንዲህ ያለ ከተማ ስለ ቴክኖሎጂ ሲነሳ ውይይቱ አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒውተር ቁጥርና በኔትወርክ ጥራት ላይ ይቀራል። እኔ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። በማዘጋጃ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ምን እንደሚመዘገብ፣ የሰው ስም እንዴት እንደሚጻፍ፣ መዝገቡን ማን ማየት እንደሚችል፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ባለጉዳዩ ምን እንደሚደረግለት የሚወስነው ማን ነው? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ ውሳኔው የተመረጠው ምክር ቤት ሆኖ፣ ምክሩ ግን ደመወዝ ከማይከፈላቸው ነዋሪዎች ከተውጣጣ ኮሚቴ መምጣት አለበት ባይ ነኝ።

ቴክኖሎጂው ወደ ወረዳ የወረደበትን መንገድ እናስታውስ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ወረዳ ኔት ወረዳዎችን በሳተላይት ከፌዴራልና ከክልል መሥሪያ ቤቶች ጋር ለማገናኘት የታሰበ ሲሆን፣ ዋነኛ አገልግሎቱ የቪዲዮ ኮንፈረንስ ነበር። ለዘመኑ ትልቅ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም የንግግሩን አቅጣጫ ልብ በሉ። ከላይ መመሪያ ይወርዳል፣ ከታች ሪፖርት ይወጣል፤ ነዋሪው ከአዳራሹ ውጭ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጎቹና ዕቅዶቹ ተከታትለው መጡ። ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተሰኘው ስትራቴጂ (ስሙ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆኑን ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ያነሱብኛል) በ2012 ዓ.ም. ጸደቀ። በዚያው ዓመት የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012፣ ቀጥሎ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015፣ ከዚያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጡ። እነዚህን አንድ ትንሽ ከተማ በራሷ አቅም ልታወጣቸው አትችልም፤ ከማዕከል መምጣታቸው ተገቢ ነው። ችግሩ ሁሉም በከተማዋ ውስጥ የሚጠይቅና የሚከታተል ሰው እንዳለ አድርገው መነሳታቸው ነው።

ነገሩን በስም ላስረዳ። በአካባቢያችን ሕፃናት ሀዲይኛን በትምህርት ቤት የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው፤ ረጅም አናባቢ በሁለት ፊደል ይጻፋል። የጽሕፈት ቤት ደብዳቤ በአማርኛ ይጻፋል፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ መጥበቅንና መላላትን አይለይም። የትምህርት ማስረጃው በእንግሊዝኛ ሲዘጋጅ ፊደል የሚቀነሰውና የሚጨመረው እንደ ጸሐፊው ነው። እንግዲህ «ላምቤቦ» የተባለ አባት ያላት አንዲት ሴት በሦስት መዝገብ በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ልትገኝ ትችላለች። የድሮው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ልጅቱንም አባቷንም ያውቃልና ልዩነቱን አይቶ ያልፈዋል። ኮምፒውተሩ ግን አያውቃትም፤ ሦስት ሰዎች ናት ብሎ ይይዛታል። የይዞታ ካርታ ስም ለማዛወር፣ ውርስ ለማጣራት ወይም ባንክ ሒሳብ ለመክፈት ስትሄድ «አንድ ሰው ነሽ የሚል ማስረጃ አምጪ» ትባላለች። ከዚያ ቀበሌ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት፤ የምስክር ትራንስፖርትና የጠፋ የገበያ ቀን ይከተላል።

በዚህ ላይ የአባት ስምን እንደ ቤተሰብ ስም የሚቆጥሩ፣ ለአያት ስም ቦታ የሌላቸው ከውጭ የመጡ ሶፍትዌሮች አሉ። የቆዩ ፋይሎች ጉዳይም አለ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት የተካተተው በ1999 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ ብዙ ደብዳቤና መዝገብ የየራሳቸው አሠራር ባላቸው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ተተይቧል። ፕሮግራሙ ከኮምፒውተሩ ሲጠፋ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ወረቀቱ ተጥሎ ከሆነ የአንድ ቤተሰብ የይዞታ ታሪክ አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ይህን ለመፍታት የኮምፒውተር ምሕንድስና ዲግሪ አያስፈልግም። አንድ የሀዲይኛ መምህር፣ አንድ ጡረታ የወጣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛና የጎሳውን ስም አጠራር የሚያውቁ አንድ አረጋዊ ጥቂት ቀናት ቢቀመጡ፣ ለከተማዋ የሚያገለግል የስም አጻጻፍ መመሪያ ረቂቅ ያዘጋጃሉ። እነዚህ ሰዎች ዛሬም በከተማዋ አሉ። የጠየቃቸው ግን የለም።

ደመወዝ የሌለው ኮሚቴ ይህን ያህል ሥራ ይችላል ወይ ለሚል ሰው መልሱ ያለው በደጃችን ነው። ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መርጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ ጽፎ፣ መዋጮ ሰብስቦ ይኖራል። በሀዲያና በከምባታ ይህን የመሰለውን ሁሉ የሚያስተዳድረው ባህላዊ ሥርዓት «ሴራ» ይባላል፤ በአማርኛ ጆሮ ቃሉ ክፉ ትርጉም ቢያሰማም፣ እዚህ ሕግና ደንብ ማለት ነው። በ1950ዎቹ የአለም ገና–ወላይታ ሶዶን መንገድ ለመሥራት የተቋቋመው ማኅበርም ከአባላቱ ገንዘብ እያዋጣ፣ መሪዎቹን እየመረጠ የተንቀሳቀሰ ነው። መንገድ የዚያ ዘመን ቴክኖሎጂ ነበር።

ቀረብ ያለው ምሳሌ ዱራሜ ነው። የከምባታ ማኅበረሰብ ሬዲዮ በአካባቢው ቋንቋ የሚያሰራጭ ጣቢያ ነው። የ1999ኙ የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ለትርፍ ያልቆመ፣ በማኅበረሰቡ ፍላጎትና ተሳትፎ የሚመራ አድርጎ ደነገገው። ሕጉ የማሠራጫ መሣሪያን ለነዋሪዎች አመራር ማመን ከቻለ፣ ለመዝገብ ጉዳይ ቢያንስ ምክራቸውን መስማት አያቅተውም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ከመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም ጋር የተጀመረው የማኅበራዊ ተጠያቂነት ሥራም አለ። ነዋሪዎች አገልግሎቱን በነጥብ ይመዝናሉ፣ ከአገልግሎት ሰጪው ጋር ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ የጋራ የማሻሻያ ዕቅድ ያወጣሉ። በሁለተኛው ምዕራፍ የተመረጡት ዘርፎች አምስት ነበሩ፤ ትምህርት፣ ጤና፣ ውሃ፣ ግብርናና የገጠር መንገድ። መዝገብና መረጃ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበሩም። ይህን ክፍተት እንደ ትንሽ ነገር አላየውም፤ ምክንያቱም ሌሎቹ አምስቱም አገልግሎቶች ዛሬ በመዝገብ በኩል ነው ወደ ሰው የሚደርሱት።

ወደ ውጭ ብንመለከት፣ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በምትገኘው የማሳቹሴትስ ግዛት አንዳንድ ከተሞች ይህን የመሰለ የነዋሪዎች አማካሪ ኮሚቴ አላቸው። ኮምፒውተር አይጠግኑም፤ ግዥን፣ የመረጃ ደኅንነትንና የከተማውን የቴክኖሎጂ ዕቅድ በተመለከተ ምክር ይሰጣሉ። ስብሰባቸው ለሕዝብ ክፍት ነው። እነዚያ ከተሞች በጡረታ የወጡ ባለሙያዎች ይበዛላቸዋልና አሠራሩን እንዳለ ገልብጠን እናምጣው አልልም። ልንወስደው የሚገባው ምክርንና የእጅ ሥራን የለየበትን መስመር ነው።

ይህ መስመር ለእኛ ከምንም በላይ ያስፈልገናል። የኮሚቴ አባል የይለፍ ቃል ሊይዝ፣ የሰው ፋይል ሊከፍት፣ በፍላሽ ገልብጦ ሊወስድ አይገባም። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ከተማ የጎረቤትን የይዞታ ክርክር ወይም የጋብቻ መዝገብ ማየት የቤት መፍረስ ያስከትላል። ኮሚቴው ስለ አሠራሩ ይጠይቅ፤ መዝገቡን የሚነካው በሕግ ተጠያቂ የሆነው ሠራተኛ ብቻ ይሁን።

ሁለተኛው አደጋ የጥቅም ግጭት ነው። በትንሽ ከተማ ኮምፒውተር የሚያውቀው ሰው ብዙ ጊዜ ኮምፒውተር ሻጩ፣ ጠጋኙና የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ነው። እሱን ከኮሚቴው ማግለል ያለውን ዕውቀት መጣል ነው፤ ያለ ገደብ ማስገባት ደግሞ ጨረታውን አስቀድሞ መስጠት ነው። የእኔ ሐሳብ አባል ይሁን፣ ጥቅሙን በቃለ ጉባኤ ያስመዝግብ፣ የግዥ ጉዳይ ሲነሳ ይውጣ የሚል ነው። ዕድሮቻችን ገንዘብ ያዡ የራሱን ሒሳብ እንዲመረምር አይፈቅዱለትም፤ ከዚህ የተለየ አዲስ ጥበብ አላመጣሁም።

ሦስተኛው ለመናገር የሚከብደው ነው። «ኮሚቴ» የሚለው ቃል በሕዝባችን ዘንድ ደክሟል። በዘመቻ ተቋቁሞ በዘመቻው ማብቂያ የሚበተን፣ አባላቱ ከላይ ተጠቁመው የሚመረጡ፣ «በጎ ፈቃድ» እየተባለ እምቢ ማለት የማይቻልበት ስብሰባ ብዙ አይተናል። ስለዚህ ኮሚቴው በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ እንጂ በጽሕፈት ቤት ኃላፊ ደብዳቤ ባይቋቋም እመርጣለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል፤ መሠረቱ እዚያ አለ። ከአባላቱ ከፊሎቹ ሴቶች መሆን ይኖርባቸዋል። የውሃ ኮሚቴዎች ይህን ቀድመው የተማሩት ጀሪካን የምትሸከመው እሷ ስለሆነች ነው፤ በመዝገብ ቤት መስኮት ተሰልፋ ቀኗን የምታጣውም እሷ ናት።

ከፓምፕ ጋር ያለው መመሳሰል እዚህ አያበቃም። ብዙ የገጠር የውሃ ፓምፕ የሚቆመው ውሃው ስለደረቀ ሳይሆን መለዋወጫ የሚገዛ፣ ቁልፉን የሚይዝ፣ መዋጮውን የሚጠብቅ ሰው ስለሚጠፋ ነው። በማዘጋጃ ቤትም የሠለጠነው ወጣት ባለሙያ ወደ ሆሳዕና ወይም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር የሶፍትዌሩን አያያዝ ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ነው ከኮሚቴው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ምን መሣሪያ እንዳለ፣ ማን እንደሰጠው፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ ቅጂው የት እንደተቀመጠ በአንድ ተራ የወረቀት ደብተር ማስጻፍ ሊሆን ይገባል የምለው። ደብተሩ በሁለት ቅጂ ይያዝ፤ አንዱ በምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። የአባላቱም የሥራ ዘመን በአንድ ቀን ባያልቅ፣ በየዓመቱ ሲሶው ብቻ ቢተካ፣ ደብተሩን ማንበብ የሚችል ሰው ሁልጊዜ በክፍሉ ውስጥ ይኖራል።

እዚህ ላቁምና ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል፤ በተለይ ከማዘጋጃ ቤት የመጣችሁ ብትቀድሙ ደስ ይለኛል።