ጳጉሜን የዘነጋው ኮምፒዩተር

አንድ የዘመሮ ነጋዴ ጳጉሜ 3 ቀን ዕዳውን ከፈለ እንበል። በመስከረም ግን «ባለዕዳ ነህ» የሚል ወረቀት መጣበት። ደረሰኙ በእጁ ነው፤ መዝገብ ያዡም አልሰረቀ። ታዲያ ጥፋቱ ከወዴት ነው?

ሒሳቡን የሚይዘው ኤ ኤስ 400 ነው እንበል፤ ይኸውም የአይ ቢ ኤም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ለንግድ ሥራ ያወጣው፣ ዘሩም እስከ ዛሬ ያልጠፋ ኮምፒዩተር ነው። ባለሙያው የፕሮግራሙን ጽሑፍ ደጋግሞ ቢያነብም ስሕተቱ ሊሰወርበት ይችላል። ጽሑፉ የሚነግረው የቫሪያብሉን ስም እንጂ በዚያች ደቂቃ የያዘውን ዋጋ አይደለምና።

ስለዚህ ፕሮግራሙን በስሕተት መፈለጊያው ይከፍትና፣ በተጠረጠረው መስመር ላይ ኤፍ 6ን ተጭኖ ማቆሚያ ያኖራል። ፕሮግራሙ ሲሮጥ ሲሮጥ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ያን ጊዜ ጠቋሚውን «ወር» በሚለው ስም ላይ አሳርፎ ኤፍ 11ን ሲጫን ዋጋው ብቅ ይላል፤ 13! ቀጥሎ ያለው መስመር ደግሞ ወሩ ከ12 ከበለጠ ክፍያውን እንዲያልፈው ያዛል። ጸሐፊው በፈረንጅ አቆጣጠር አስቦ ኖሯል።

መሣሪያው ዋጋን ማሳየት ብቻ ሳይሆን መለወጥም ስለሚችል፣ ብልህ ሰው ምርመራውን ሲጀምር እውነተኛው መዝገብ እንዳይነካ ይከለክላል። ከዚያ በኋላ 12ቱን 13 አድርጎ፣ በመሞከሪያው መዝገብ ላይ ኤፍ 10ን እየተጫነ መስመር በመስመር ያስኬደዋል። የነጋዴው ክፍያም ያልፋል።