«መግባት አይፈቀድም» የሚለው መልእክትና መፍትሔው

ድረ ገጽ ስንከፍት 401 ወይም 403 የሚል ቁጥር ይገጥመን ይሆናል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። 401 ሲመጣ ሰርቨሩ ማንነታችንን አላወቀም፤ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ይጠብቃል። 403 ግን ጥያቄያችንን ተረድቶ ሳለ መከልከሉ ነውና ያንኑ የይለፍ ቃል መላልሶ መጻፍ ትርፉ ድካም ነው።

የድረ ገጹ ኃላፊ በቅድሚያ የሰርቨሩን የስህተት መዝገብ ይመልከት፤ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል። በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የማንበብ ፈቃድ 4፣ የመጻፍ 2፣ የማስኬድ 1 ተብሎ ይደመራል። ለፋይል የተለመደው 644 ነው፤ ባለቤቱ ያነባል፣ ይጽፋል፤ ሌላው ያነባል ብቻ። ለፎልደር 755 ይሰጣል። በፎልደር ላይ 1 ቁጥር የማለፍ ፈቃድ ስለሆነ፣ ከላይ ካሉት ፎልደሮች አንዱ እንኳ ይህን ቢያጣ ፋይሉ የተፈቀደ ቢሆንም አይደረስበትም። ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው። የመነሻ ገጹ ፋይል ሲጠፋም 403 ሊመጣ ይችላል።

አንዳንድ ባለሙያ ነን ባዮች «777 አድርጉትና ይከፈታል» ይላሉ። ሊከፈት ይችላል፤ ነገር ግን የሕፃናት ስምና ፎቶግራፍ የተቀመጠበትን ፎልደር የሰርቨሩ ተጠቃሚ ሁሉ እንዲለውጠውና እንዲሰርዘው መፍቀድ ነው። ከዚህ ይልቅ ፎልደሩ በማን ባለቤትነት እንደ ተመዘገበ መርምሮ ማስተካከል ይገባል።