የሚገድለው የሕዝብ ስሜት ሳይሆን የተዘጋ በር ነው

በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወጣት ለታላቅ የሮክ ሙዚቃ ትርኢት ተሰብስቦ በአንድ ምት ሲያጨበጭብ የሚፈጠረው ኃይል ከፍተኛ መሆኑ አያከራክርም። ይሁን እንጂ በእንዲህ ያለው ስብሰባ ላይ አደጋ በደረሰ ቁጥር ጥፋቱን «አበደ» በተባለው ተመልካች ላይ መጫን በከበርቴው ዓለም የተለመደ ነው። እኛ ግን ነገሩ ከሥር መሠረቱ ሊመረመር ይገባል እንላለን።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1979 በአሜሪካ፣ በሲንሲናቲ ከተማ፣ «ዘ ሁ» የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ቡድን ትርኢቱን ሊያቀርብ በተዘጋጀበት ምሽት 11 ሰዎች በአዳራሹ ደጃፍ ሕይወታቸውን አጡ። ከተሸጠው ከ18,000 በላይ ቲኬት አብዛኛው የመቀመጫ ቁጥር አልነበረውም። ቀድሞ የገባ ከመድረኩ ሥር ይቆማል፤ የዘገየ ከኋላ ይቀራል። ወንበር ባልተደረደረበት ወለል ላይ ብዙ ገዢ ስለሚቆም አሠራሩ ለሻጩ የተመቸ ነው። በብርድ ለሰዓታት የጠበቀው ሕዝብ እንዲገባ የተከፈቱት በሮች ግን ጥቂቶች ብቻ ነበሩ። ከውስጥ የሙዚቃ ድምፅ ሲሰማ ትርኢቱ የተጀመረ የመሰለው ወደ ፊት ገፋ፤ የፊተኛው ደግሞ መሄጃ አልነበረውም።

አንዳንድ የአሜሪካ ጋዜጣ ጸሐፊዎች ወጣቱን እንደ አረመኔ ቆጠሩት። ተጨባጩ ሁኔታ የሚያረጋግጠው ግን ሌላ ነው። ሟቾቹ የሞቱት ታፍነው ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከስድስት ወይም ከሰባት በላይ ሰው ሲታጨቅ ማንም በራሱ እግር መራመድ አይችልም፤ ሕዝቡ እንደ ሞገድ ይናጣል፤ ደረት አየር መሳብ ይሳነዋል፤ ሰው ቆሞ ይሞታል። ከኋላ ያለውም የፊቱን ሥቃይ አያይም። ኖሪስ ጆንሰን የተባሉት የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር የዕማኞችን ቃል መርምረው እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጡት ጽሑፍ፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሰው ሰውን ይረዳ እንደነበር አስረድተዋል።

የሲንሲናቲ ከተማ ያን የአገባብ ሥርዓት ወዲያው ብታግድም እ.ኤ.አ. በ2004 እገዳውን አነሣች። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2021 ደግሞ በሂውስተን ከተማ በተካሄደ ሌላ የሙዚቃ ፌስቲቫል 50,000 ያህል ሕዝብ በተገኘበት 10 ሰዎች በመጨናነቅ ታፍነው ሞቱ፤ ከመካከላቸው የ9 ዓመት ሕፃን ይገኝበታል። ሰው እየወደቀ ሳለም ሙዚቃው ወዲያው አልተቋረጠም።

የሕዝብ ስሜት በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ የሀገራችን ታሪክም ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 13 ቀን 1985 በሀገራችን በረሃብ ለተጎዱ ወገኖች ርዳታ ለማሰባሰብ በለንደን ዌምብሌይ ስታዲየም በተካሄደው «ላይቭ ኤይድ» 72,000 ያህል ሕዝብ ተገኝቶ ነበር። «ክዊን» የተባለው ቡድን ሲጫወት ያ ሁሉ እጅ በአንድነት ከፍ ብሎ በአንድነት አጨብጭቧል። ያም ኃይል፣ ይህም ኃይል ነው። ልዩነቱ ያለው በአደረጃጀቱ ላይ ነው።

ስለሆነም የየሰፈሩ ማኅበር አባላትና ሠራተኞች በአዳራሽም ሆነ በሜዳ ሕዝብ ሲጠሩ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቦታው ስንት ሰው ይይዛል? ስንት በር ይከፈታል? የፊተኛውን ሁኔታ ለኋለኛው የሚያሳውቅ ማን ነው? አደጋ ሲታይ ትርኢቱን የማቆም ሥልጣን የተሰጠውስ ለማን ነው? ለእነዚህ መልስ ሳይገኝ ቲኬት የሚሸጥ ሁሉ የሰውን ሕይወት ከትርፍ በታች አድርጎ የሚመዝን ነው። የሕዝብ ኃይል የሚፈራ ሳይሆን በኃላፊነት የሚደራጅ ነው!