የተተከለ ድድ እንዲጸድቅ

ድድ ከጥርስ ሥር እየሸሸ ሲሄድ ሥሩ ይገለጣል፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይጠዘጥዛል። ለዚህ ከሚደረጉት ሕክምናዎች አንዱ የድድ ንቅለ ተከላ ነው። ሐኪሙ ብዙውን ጊዜ ከላንቃ ላይ ስስ ሥጋ ወስዶ በተራቆተው ቦታ ላይ ይሰፋዋል። የቀረው ሥራ የታካሚው ነው። ለምን ቢሉ፦

ችግኝ ከመደብ ተነቅሎ ሲተከል፣ ሥሩ አፈሩን እስኪይዝ በእርጥበት ይቆያል። የተተከለ ድድም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት የራሱ የደም ዝውውር የለውም፤ ከሥሩ ካለው ሥጋ በሚሰርገው ፈሳሽ ብቻ ይኖራል። ከዚያ ቀጫጭን የደም ሥሮች ከታች እየበቀሉ ይገቡበታል። ታዲያ ችግኙን በየሰዓቱ እየነቀነቁ «ያዘ ወይ?» ቢሉት ይጸድቃልን? ከንፈርን ገልብጦ በመስተዋት ማየት ይህንኑ ማድረግ ነው።

ስለዚህ፦

1ኛ/ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ቦታውን በብሩሽም ሆነ በመፋቂያ አለመንካት፤ ሌሎቹን ጥርሶች ግን ማጽዳት። ለቁስሉ ሐኪሙ ባዘዘው መጉመጥመጫ መጠቀም።

2ኛ/ ለብ ያለና ለስላሳ ነገር መብላት፤ እርጎ፣ አጥሚት፣ በርበሬ የሌለው ሾርባ። ቆሎና ጥብስ ይቆዩ።

3ኛ/ ሲጋራ አለማጨስ። ኒኮቲን የደም ሥርን ያጠባል፤ አዲሱ ሥጋ የሚጠብቀው ደግሞ ያንኑ ደም ነው።

4ኛ/ ለሕመሙ ሐኪም ሳያዝ አስፕሪን አለመዋጥ፤ መድማትን ያባብሳልና።

በመጀመሪያው ሳምንት የተተከለው ድድ ነጣ ብሎ ቢታይ ብዙዎች «በሰበሰ» ብለው ይደነግጣሉ፤ ሊፍቁትም ይነሣሉ። ኧረ ተዉት! ብዙውን ጊዜ የሚላጠው የላይኛው ሽፋን ብቻ ነው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ የሚፍቀው ሰው ጤነኛውንም አብሮ ያነሣዋል። ነገር ግን ደሙ በንጹሕ ፋሻ ለ20 ደቂቃ ያህል ተጭነውት ካልቆመ፣ እብጠቱ ከ3ኛው ቀን በኋላ ከጨመረ፣ ትኩሳት ወይም መግል ከታየ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

መምህር በአፉ የሚሠራ ሰው ነው። ለማስተማር ልምምድ ሊወጣ ጥቂት ቀን የቀረው ሠልጣኝ፣ ሐኪሙ «ይቆያል» ካለው፣ ሕክምናውን ከልምምዱ በኋላ ቢያደርገው ይበጀዋል። ቁስል ጊዜውን ካላገኘ አይድንም፤ ጊዜውን የምንሰጠው ደግሞ እኛው ነን።