የኩይሳ እንጉዳይ፦ ምስጥ የሚያርሰው፣ መንገደኛ የሚለቅመው

ሁርሶ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው የወታደር ማሰልጠኛውን ነው። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በአሮጌው የጅቡቲ ባቡር መስመር ላይ የምትገኝ ቆላማ ስፍራ ናት። በስተሰሜን ሜዳው ወደ በረሃው ይዘረጋል፤ በስተደቡብ የሐረርጌ ደጋ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይነሣል። የባቡሩ መሐንዲሶች ያን ዳገት መውጣት ስለከበዳቸው ሐረርን ትተው በቆላው ሄዱ፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ባቡሩን የመለሰው ዳገት ዛሬ ተራራ ወዳጁን ይጠራዋል። መስከረም ላይ ዝናቡ ቀነስ ሲል፣ ሣሩም ገና ሳይደርቅ፣ ጓዙን አዝሎ ከሜዳው የተነሣ ሰው ሸንተረሩን በእግሩም በእጁም እየቧጠጠ መውጣት ይችላል።

በዚሁ ወቅት ዓይኑን ወደ መሬት የሚጥል መንገደኛ የሚፈልገው ሌላ ነገርም አለ። ኩይሳ ባለበት አገር፣ ዝናብ መሬቱን ካራሰው በኋላ፣ ከኩይሳው ግርጌ ወይም ከጎኑ ብቅ የሚል እንጉዳይ አለ። ከሌሎች እንጉዳዮች የሚለየው ገበሬ ያለው መሆኑ ነው፤ ገበሬውም ምስጥ ነው።

ፈረንሳዊው የእንጉዳይ ሊቅ ሮጀር ሄም በ1942 እ.ኤ.አ. ለዚህ ወገን ተርሚቶማይሲስ የሚል ሳይንሳዊ ስም አወጣለት። ከምስጥ ጋር ያለው ሽርክና ግን በጣም የቆየ ነው። ተመራማሪዎች ጥምረቱ የተጀመረው በአፍሪካ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ ይገምታሉ፤ በታንዛኒያ ወደ ድንጋይነት ተለውጦ የተገኘ የምስጥ እርሻም 25 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ተሰጥቶታል። የሰው ልጅ ዘር መዝራት ከጀመረ ገና 12,000 ዓመት ገደማ ነው።

እርሻው እንዲህ ይሠራል። ሠራተኛ ምስጦች ደረቅ ሣር፣ ጭራሮና የረገፈ ቅጠል ሰብስበው ወደ ጎጇቸው ያስገባሉ። የዚህ ሁሉ ጥንካሬ የሚመጣው ሊግኒን ከሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ ምስጧ እሱን ለብቻዋ አብላልታ መጠቀም ያቅታታል። ስለዚህ ወጣቶቹ ሠራተኞች ያመጡትን ከፈንገሱ ዘር ጋር ይበሉና ብዙም ሳይፈጩት መልሰው ያስወግዱታል። ያ እየተደራረበ ከምድር በታች ባሉ ክፍሎች ውስጥ ብዙ ቀዳዳ ያለው፣ ቡናማ መደብ ይሆናል። ፈንገሱ በመደቡ ላይ ተስፋፍቶ ሊግኒኑን ይሰባብራል፣ ነጫጭ ጥቃቅን ኳሶችንም ያበቅላል። ኳሶቹን የሚመገቡት ወጣት ምስጦች ናቸው፤ ያረጀውና የለሰለሰው መደብ ደግሞ የትልልቆቹ ቀለብ ነው። ለፈንገሱ በምላሹ ቤት ይሰጠዋል። ትልልቅ ኩይሳ በሚሠሩት ምስጦች ጎጆ ውስጥ ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ተጠግቶ ይቆያል፣ አየሩም እርጥብ ነው። ውጭ በጋው ሲነድ ውስጡ ሁልጊዜ ክረምት ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ሁሉ ነገር የተመቻቸለት ፈንገስ ለምን ወደ ላይ ይወጣል? ምክንያቱ መባዛት ነው። የመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ ሲጥል ክንፋም ምስጦች፣ ማለትም አሸን፣ ከጎጆው ይወጣሉ። ከነሱ መካከል ከወፍና ከዶሮ የተረፉት ወንድና ሴት ተጣምረው፣ ክንፋቸውን ጥለው፣ መሬት ቆፍረው ይገባሉ። አብዛኞቹ የምስጥ ዓይነቶች ለአዲሱ ጎጆ የፈንገስ ዘር ይዘው አይሄዱም። ከጥቂት ወራት በኋላ የመጀመሪያ ልጆቻቸው ምግብ ፍለጋ ሲወጡ ዘሩን ከሜዳ ማግኘት አለባቸው። የቆዩት ኩይሳዎች እንጉዳያቸውን አውጥተው ዘር የሚበትኑትም በዚያው ሰሞን ነው። ለቃሚው አሸን የፈላበትን ቀን ካስታወሰ መቼ መመለስ እንዳለበት መገመት አይከብደውም።

ከዚህ አመጣጡ የተነሣ የኩይሳ እንጉዳይ አካሉ ልዩ ነው። ከመደቡ ተነሥቶ ጠጣር አፈር ሰርስሮ ስለሚወጣ የባርኔጣው አናት ሾጠጥ ያለና ጠንካራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዙሪያው ይልቅ ጠቆር ይላል። ከአገዳው በታች ሥር የሚመስል ረጅም ክር ወደ ምስጡ ክፍል ይወርዳል፤ አንዳንዴ ከአንድ ሜትር ይበልጣል። መጠኑ እንደየዓይነቱ ነው። በዛምቢያ የሚታወቀው ተርሚቶማይሲስ ታይታኒከስ ባርኔጣው እስከ አንድ ሜትር ይሰፋል፤ ከሚበሉ እንጉዳዮች ሁሉ ትልቁም እሱ ነው። በተቃራኒው ማይክሮካርፐስ የሚባለው ከጥፍር ብዙም አይበልጥም። ምስጦቹ የመደቡን ፍርፋሪ ወደ ውጭ አውጥተው ሲበትኑት በመቶ የሚቆጠሩት አንድ ላይ መሬቱን ነጭ ያለብሱታል። ይህ ትንሹ ረጅም ሥር የለውም።

በደጋው አገር እንጉዳይ የሚፈራ እንጂ የሚበላ ሆኖ አልቆየም። በደቡብ ምዕራብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የማጃንግ ሕዝብ የእንጉዳይ ዕውቀት በተመራማሪዎች የተጻፈለት ሲሆን፣ በጫካ አካባቢ የሚኖሩ ሌሎች ሕዝቦችም የዝናብ ወራትን ጠብቀው ይለቅማሉ። በአዲስ አበባ ገበያ ለጾም ወጥና ለጥብስ የሚሸጠው ሰው በገለባና በጥጥ ፍሬ ገለፈት ላይ የሚያሳድገው ነው። የኩይሳውን እንጉዳይ እንዲህ አሳድጎ ለገበያ ማቅረብ አልተቻለም፤ ገበሬውን ከነጎጆው፣ ከነንግሥቱ ማምጣት ይጠይቃልና።

አሁን ወደ አደጋው። ከእንጉዳዮች መካከል ብዙ ሰው በመግደል ቀዳሚ የሆነው አማኒታ ፋሎይዲስ መርዙ በመቀቀልም በማድረቅም አይጠፋም። ከሁሉ የሚከፋው መዘግየቱ ነው፤ የበላው ሰው ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ምንም አይሰማውም። ከዚያ ትውከትና ተቅማጥ ይመጣል፣ ደግሞም ቀለል ያለ መስሎ ይታለፋል፣ ጉበቱ ግን መጎዳቱን ቀጥሏል። በሞቃት አገሮች ሣር ላይ የሚበቅለው ክሎሮፊለም ሞሊብዳይቲስ ደግሞ መልኩ ስለሚያታልል በስሕተት በመበላት ይታወቃል፤ የሚገድለው ከስንት አንድ ቢሆንም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ክፉኛ ያስታውካል።

ለመለየት ሦስት ነገሮች አብረው ይታያሉ። አንደኛው ሥሩ ነው፤ እንጉዳዩ ሳይነቀል ዙሪያው በጥንቃቄ ሲገለጥ ክሩ ወደ ምስጥ ክፍል መውረድ አለበት። ከአገዳው ግርጌ ከረጢት የመሰለ ሽፋን ከተገኘ ግን አማኒታ ሊሆን ስለሚችል ይተዋል። ሁለተኛው አናቱ ነው፤ ሾጣጣና ጠንካራ። ሦስተኛው የዘሩ ቀለም ነው። ባርኔጣው ተቆርጦ በነጭ ወረቀት ላይ ተደፍቶ፣ በብርጭቆ ተከድኖ ሲያድር ዘሩ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። የኩይሳው ፈዛዛ ሮዝ ይሆናል፤ የአማኒታ ነጭ፣ የክሎሮፊለም ደግሞ አረንጓዴ ቢጤ ነው። ሮዝ ዘር ያላቸው መርዘኞችም ስላሉ አንዱ ምልክት ለብቻው አይበቃም። ሦስቱ ከተሟሉም በኋላ እንኳ የአካባቢውን እንጉዳይ ለዓመታት የለቀመ ሰው ካላየው አለመብላት ነው የሚሻለው።

ሸንተረር መውጣትንና እንጉዳይ መልቀምን በአንድ ጉዞ የሚያጣምር ሰው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ገደል አፋፍ ላይ ያለ ሰው ከሐኪም በጣም ሩቅ ነው፤ መርዙም የሚሰማው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። በድንኳን ደጃፍ እሳት አንድዶ የለቀሙትን ወዲያው መጥበስ ደስ ቢልም፣ በጠና ቢታመሙ በጨለማ ገደል መውረድ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይበጃል፦ መጀመሪያ ሸንተረሩ፣ በመጨረሻው ቀን ቁልቁል ሲወረድ ለቀማው፣ ዘሩን ማስፈሰሱና መብላቱ ከተማ ከተገባ በኋላ። ቆላው ላይ ያለ እንጉዳይ ፀሐይ ሳይበረታ በማለዳ ቢለቀም ነው የሚበጀው። በፌስታል ታፍኖ ከዋለ ስለሚበላሽ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ይያዛል።

ዳገቱም የራሱ ሕግ አለው። ከድሬዳዋ በላይ ባለው ተዳፋት የኖራ ድንጋይ ብዙ ነው፤ ከከተማዋ በስተደቡብ ያለው ፖርክ ኤፒክ የተባለው የድንጋይ ዘመን ዋሻም የተፈለፈለው በዚሁ ድንጋይ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲደርቅ ጥሩ መያዣ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀው ግን ሸክም ሲያርፍበት ይነቀላልና ክብደትን ከመጣል በፊት እያንዳንዱን መያዣ መፈተን ያስፈልጋል። ደረቅ ወንዝ ውስጥ ደግሞ ድንኳን አይተከልም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ብዙ ሰው ሲጨርስ፣ ጎርፉ የመጣው ደጋው ላይ ከጣለ ዝናብ ነበር። ከሁርሶ የሚነሣ ሰው የወታደር ይዞታው ወሰን የት እንደሆነ አስቀድሞ የአካባቢውን አስተዳደር ጠይቆ ይረዳል፤ መንገዱን፣ ውኃውንና ኩይሳ ያለበትን ቦታ ደግሞ እረኞች ያውቁታል።

ምስጥ በወለጋ ሰብልና ቤት የሚበላ ጠላት ሆኖ ሲዘመትበት ኖሯል፤ ያም በቂ ምክንያት ነበረው። ለቃሚ ግን ኩይሳውን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። እንጉዳዩ ለፈንገሱ ፍሬው ብቻ ነው፤ ዋናው አካሉ ከታች በመደቡ ላይ ይኖራል፣ የምስጥ ንግሥትም ብዙ ዓመት ትቆያለች። የአንዱን ሥር ለማየት ጥቂት አፈር ገልጦ መልሶ መድፈን ጉዳት የለውም። የቀረውን ከመሬት በላይ በቢላ ቆርጦ፣ ጥቂቱን ዘር እንዲበትን ትቶ የሄደ ሰው በሚመጣው ክረምት እዚያው ቦታ ሊያገኝ ይችላል፤ ኩይሳውን የናደ ግን የአንድ ቀን ወጥ ለማግኘት ሲል እርሻውንም ገበሬውንም ያጣል።