መርፌና ማመልከቻ

ሰው ሥራውን ወደ ነገ የሚያስተላልፈው ሰነፍ ስለ ሆነ ነው የሚለው አሳብ ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነው። ነገር ግን በጂቡቲ ከተማ፣ በሄሮን ሰፈርና በአካባቢው፣ በስፌት መኪና ፊት ተቀምጠው የሚውሉትን ሴቶች አስተውሎ የተመለከተ ሰው ይህ አሳብ ጎዶሎ መሆኑን ይረዳል። እነዚህ ሴቶች ሥራ አልፈቱም፤ እግራቸው ከመርገጫው፣ እጃቸውም ከጨርቁ አይለይም። ዳሩ ግን ከመካከላቸው አንዳንዶቹ የሚሰፉት የገዛ ራሳቸውን ልብስ ነው፤ ንግዳቸውን በሕግ ለማቋቋም የሚያስፈልገው ማመልከቻ ደግሞ በመሳቢያው ውስጥ ከክርና ከቁልፍ ጋራ ተቀምጦ ሳይሞላ ይከርማል።

ሄሮን ከባሕር ጋራ የሚዋሰን የከተማው ክፍል ሲሆን፣ ስሙ ረጅም እግር ያላት የውሃ ዳር ወፍ በፈረንሳይኛ የምትጠራበት ስም ነው። ኤምባሲዎችና ሰፋፊ መኖሪያ ቤቶች ይገኙበታል። ከኢትዮጵያ ወደ ጂቡቲ ከሄዱት ሴቶች ብዙዎቹ በቤት ሠራተኝነት ይተዳደራሉ፤ ከእነርሱም ውስጥ ከደመወዛቸው ጥቂት በጥቂት ቆጥበው የስፌት መኪና የሚገዙ አሉ። ጨርቅም በዚህ ከተማ ብርቅ አይደለም። የምድር ባቡሩ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ወደ መካከለኛው ኢትዮጵያ ይገባ ከነበረው አቡጀዲና ልዩ ልዩ ጨርቅ ብዙው በዚሁ ወደብ ያለፈ ነው።

በዚያ ከሚሰፉት ልብሶች አንዱ ዲሪያ ነው። ዲሪያ ከስስ ጨርቅ የሚሠራ ሰፊና ረጅም ቀሚስ ሲሆን፣ ከሥሩ ጉርድ ይለበሳል፣ ከላዩም ሻሽ ይደረብበታል። ለጠረፉ ሙቀት፣ ይልቁንም ሐምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ በሚነፍስበት የበጋ ወራት፣ የሚስማማ ልብስ ነው። አሠራሩም አያስቸግርም። ጨርቁ ከሁለት ይታጠፋል፤ በእጥፉ ላይ አንገቱ ይቀደዳል፤ የክንዱ መውጫ ቀርቶ ግራና ቀኙ ይሰፋል፤ ጠርዙም ይታጠፋል። በማለዳ የተጀመረው ከቀትር በፊት ይለበሳል። በአገራችን ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል፤ የዚያች ከተማ ልብስ ሰፊ ግን አስቀድማ ራሷን ታስጌጣለች።

እንግዲህ ማመልከቻው ስለ ምን ይዘገያል? ልብስ ለሠሪው ዋጋውን በዕለቱ ይከፍላል። በዐይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል፣ ጎረቤትም ያደንቀዋል። ቢሳሳቱ እንኳ ስፌቱ ይተረተርና እንደ ገና ይሰፋል። የማመልከቻ ዋጋ ግን በሩቅ ነው፤ ዛሬ የተሞላው ለሚመጣው ዓመት እንጂ ለዛሬ ማታ እራት አይሆንም። ከዚህም በላይ ሴቲቱ ራሷን ጠይቃ የማታውቀውን ይጠይቃታል። የሱቅሽ ስም ማነው? በምን ያህል ገንዘብ ትጀምሪያለሽ? ሠራተኛስ ትቀጥሪያለሽ? ለዚህ መልስ መስጠት ማለት በልብ የኖረውን ምኞት በሰው ፊት ቃል ማድረግ ነው። ምኞት በልብ ሳለ አይወድቅም፤ በወረቀት ከሰፈረ በኋላ ግን ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከራሷ ቀሚስ ጋራ የምትውለው ሴት የምትሸሸው ሥራን ሳይሆን ይህን ፈተና ነው።

ሊቃውንትም ነገሩን መርምረውታል። ፒርስ ስቲል የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰው ሥራውን እንዲያቆይ ከሚያደርጉት ዋና ዋና ምክንያቶች መካከል የሥራው አስጠሊነት፣ የዋጋው መራቅና እችለዋለሁ የሚል እምነት ማነስ እንደሚገኙበት አመልክቷል። ጆን ፔሪ የተባለው አሜሪካዊ ፈላስፋ ደግሞ በ1996 በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ ሥራ የሚያዘገይ ሰው ከባዱን ለመሸሽ ሲል ሌላ ጠቃሚ ሥራ እንደሚሠራና ይህን ጠባዩን በዘዴ ሊጠቀምበት እንደሚችል እያዋዛ አስረዳ። ስለዚሁም በ2011 ኢግ ኖቤል የተባለውን፣ አስቀድሞ የሚያስቅ ቀጥሎም የሚያሳስብ ሥራ የሚሸለምበትን ሽልማት ተቀበለ።

የፈላስፋው ቃል እውነት አለበት። ልብስ ሰፊ ለራሷ የሰፋችው ቀሚስ በከንቱ የጠፋ ጊዜ አይደለም። እጇ ይፍታታል፤ የቅዷ ስሕተት በደንበኛ ጨርቅ ላይ ሳይሆን በራሷ ላይ ይታያል፤ በሠርግ ቤት ለብሳው ስትገባም ማን ሰፋልሽ መባሉ አይቀርም። ለጀማሪ ከዚህ የበለጠ ማስታወቂያ የለም። ነገር ግን ማስታወቂያው የጠራው ገዢ በመጣ ጊዜ ወረቀቱ ከሌለ ድካሙ ሁሉ ለሌላ ሰው ይተርፋል።

ይህ በአንዲት የማውቃት ሴት ላይ ደርሷል። የሰፋችውን ቀሚስ ያየ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት መጋረጃና የሠራተኞች ልብስ ሊያሠራ ፈለገ። በዋጋ ተስማሙ፣ ልኬትም ተወሰደ። በመጨረሻ ሰውዬው ለሒሳብ መዝገቡ የሚሆን ሕጋዊ ደረሰኝ ጠየቀ፤ እርሷም አልነበራትም፤ ሥራው ፈቃድ ላለው ሌላ ሰፊ ተሰጠ። ማመልከቻው በቤቷ ከገባ ብዙ ወራት አልፎት ነበር፤ በእነዚያም ወራት ለራሷ ሦስት ቀሚስ ሰፍታለች።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወረቀቱን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣» አለችኝ፣ «ይህ ወረቀት ሥራውን የጀመርሁበትን ምክንያት ይጠይቀኛል። ልጆቼን ለማብላት ነው ብዬ ልጻፍ?» ጥቂት ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው ቃል በቃል ተርጉሞላት ኖሯል። በፈረንሳይኛ የንግድ ወረቀት ላይ ሬዞን ሶሲያል የሚል ቃል ይገኛል፤ ፊደሉን ለተከተለ ማኅበራዊ ምክንያት ማለት ነው፤ በንግድ ቋንቋ ግን የድርጅቱ ስም ማለት እንጂ ሌላ አይደለም። ሲዬዥ ሶሲያል የሚለውም ማኅበራዊ ወንበር ይመስላል፤ ትርጓሜው ግን ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ጣልያንኛም እንዲሁ ራጆኔ ሶቻሌ ይላል። «እኅቴ፣ ምክንያትሽን የጠየቀሽ የለም፤ የተጠየቅሽው የሱቅሽን ስም ነው» ብላት እየሳቀች፣ «ስሙንማ ከመኪናው በፊት ነው ያወጣሁት» አለች።

ከዚህ ትልቅ ነገር እንማራለን። በጂቡቲ የመንግሥቱ ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ናቸው፤ በቤትና በገበያ ሶማሊኛና አፋርኛ ይነገራል፤ የእኛም ሰዎች እርስ በርሳቸው በአማርኛ ይነጋገራሉ። በአንድ ቋንቋ እየሰፋች፣ በሁለተኛው እየሸጠች፣ በሦስተኛው ማመልከቻ የምትሞላ ሴት ብትፈራ ምን ያስደንቃል? ቃሉ ራሱ ከአገር አገር ይለዋወጣል። በጂቡቲ ለብዙ ዘመን ፓታንት ሲባል የኖረው የንግድ ግብር ነው፤ አስመራ ላይ ግን ፓተንቴ ቢሉ የመኪና መንጃ ፈቃድ ነው። ስንፍና የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ያልተተረጎመ ቃል ሆኖ ይገኛል።

መንግሥታትም መንገዱን ለማሳጠር ደክመዋል። በጂቡቲ በ2017 አንድ ነጋዴ ከቢሮ ቢሮ ሳይንከራተት ጉዳዩን በአንድ ስፍራ የሚጨርስበት የአንድ መስኮት አገልግሎት ተከፍቷል። የዓለም ባንክ ለንግድ ሥራ ምቹ የሆኑትን አገሮች በደረጃ ሲያወጣ በነበረበት ዘመን፣ ጂቡቲ በ2018 መግለጫ ከነበራት 154ኛ ደረጃ በ2019 መግለጫ ወደ 99ኛ ወጥታ ነበር። ባንኩ ይህን መግለጫ በቍጥሮቹ ላይ ጉድለት ስለ ተገኘበት በ2021 አቋርጦታልና በደረጃው ብዙ መመካት አይገባም። ቢሆንም መስኮቱ ቢሰፋ እንኳ እስከ መስኮቱ ድረስ ያለው መንገድ የሰውዬው ብቻ ነው። ከመሳቢያ እስከ በር ያለውን ርቀት የትኛውም አዋጅ አያሳጥረውም።

መርፌና ወረቀት ጠላቶች እንደሆኑ አድርጎ ማሰብም ስሕተት ነው። አይዛክ ሲንገር ስሙን ላስጠራው የስፌት መኪና የፈጠራ መብት ያገኘው በ1851 ነው። መኪናው ግን ለድኻ ቤት የማይቀመስ ዋጋ ነበረው። ከ1856 ጀምሮ ኩባንያው በየጊዜው እየተከፈለ የሚያልቅ የውል ሽያጭ አወጣ፤ ብዙ ሰዎችም እየፈረሙ መኪናውን ወደ ቤታቸው አስገቡ። እንግዲህ ይህን መኪና ወደ ትሑት ቤት ያስገባው ፊርማ ያረፈበት ወረቀት ነው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ለልብስ ሰፊዎች የምንሰጠው ምክር ከሙያቸው የተወሰደ ነው። ማንም ሰው ሙሉ ቀሚስ በአንድ ምት አይሰፋም፤ ይለካል፣ ይቀዳል፣ ለጊዜው ወጋ ወጋ አድርጎ ያያይዛል፣ ከዚያም በመኪና ያጠብቀዋል። ማመልከቻውንም እንዲሁ ያድርጉት። በመጀመሪያው ቀን የማይገባቸውን ቃል ለይተው ቋንቋውንና የንግድን አነጋገር ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ። በሁለተኛው ቀን በሚጠፋ እርሳስ ይሙሉት፤ ይህ ወጋ ወጋው ነው። በሦስተኛው ቀን የመታወቂያውን ግልባጭ ያዘጋጁ። በአራተኛው በቀለም ጽፈው ይፈርሙ፤ ሙቀቱ ሳይበረታም ወደ መስኮቱ ይሂዱ። ለመርፌም ሆነ ለመሥሪያ ቤት የሚመቸው ሰዓት ማለዳ ስለ ሆነ፣ በእነዚህ ጥቂት ቀኖች የማለዳው የመጀመሪያ ሰዓት ለወረቀቱ ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ለቀሚሱ ይሁን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ማንበብና መጻፍ የተሰጠን ሰዎችም ድርሻ አለን። ለጎረቤት አንዲት ገጽ መተርጎም የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ አንዲት ቤት ግን በእርሷ ልትቆም ትችላለች። ለራሷ ቀሚስ መስፋት ያላሳፈራትን ሴት በማዘግየቷ ከመውቀስ፣ አጠገቧ ተቀምጦ የመጀመሪያውን መሥመር አብሮ መሙላት ይበልጣል።